ጀስቲንያና ፕሪማ የት ነበረች? «ስኮፕዬ ናት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰዎች ሲቀባበሉት የነበረ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። የሚያወራው የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ጀስቲንያን በትውልድ ቀዬው አሠርቷት በኋላ ስለጠፋች ከተማ ነው። ስሟ ጀስቲንያና ፕሪማ ይባላል። እንዲህ ያለ ርዕስ በአማርኛ መነሳቱ በጣም ደስ ብሎኛል። ድምዳሜው ግን ትክክል አይመስለኝም። ማስረጃዎቹን ያቀረበበት መንገድም አንባቢን ያሳስታል።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ጀስቲንያና ፕሪማ የዛሬዋ የሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ ስኮፕዬ ወይም አጠገቧ ያለ ስፍራ ናት። ደቡብ ሰርቢያ ውስጥ የሚገኘው ጻሪቺን ግራድ የሚባለው ፍርስራሽ አንድ ትንሽ ምሽግ ነው እንጂ ያቺ ከተማ ሊሆን አይችልም። ለዚህ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች የመንደር ስሞች መመሳሰል፣ የንጉሡ ሕግ፣ የስኮፕዬ የውሃ ድልድይ፣ የፍርስራሹ ትንሽነትና የኦህሪድ (በሰሜን መቄዶንያ ያለች ከተማ) ሊቃነ ጳጳሳት ማዕረግ ናቸው። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒየስም አሞጋሽ ስለሆነ ቃሉን ማመን አይገባም ይላል። በመጨረሻ ደግሞ የከተማዋ ስም የተጻፈበት ድንጋይ እስካልተገኘ ድረስ ሁሉም ግምት እኩል ነው ብሎ ይዘጋል። በየተራ ልያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ለአዲስ አንባቢ ትንሽ መነሻ ልስጥ። ጀስቲንያን ከ527 እስከ 565 ነግሦ የነበረ ነው። ቁስጥንጥንያ ላይ ሐጊያ ሶፊያን ያሠራው እሱ ነው። የተወለደው ግን ከቤተ መንግሥት ርቆ በባልካን ገጠር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። አጎቱ ጀስቲን ወታደር ሆኖ ገብቶ ዙፋን ላይ ወጣ፤ የእህቱን ልጅ ጀስቲንያንንም ከኋላው አመጣው። ጀስቲንያን ሲነግሥ የትውልድ ቀዬውን አልረሳም። ፕሮኮፒየስ «ስለ ሕንፃዎች» በተባለው ሥራው እንደሚነግረን፣ ንጉሡ በባልካን መሐል ይኖሩ በነበሩት በዳርዳኒያውያን ዘንድ፣ ቤዴሪያና ከሚባል ምሽግ አጠገብ፣ ታውሬሲየም በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯን አራት ማዕዘን አድርጎ አጠራት፤ በየማዕዘኑም ግንብ አቆመላት። እዚያው አቅራቢያ ደግሞ አዲስ ከተማ ቆረቆረና በራሱ ስም ሰየማት። ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የጽሑፉ የመጀመሪያ ምክንያት የስም መመሳሰል ነው። ከስኮፕዬ በስተደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ታኦር የሚባል መንደር አለ። እዚያው አካባቢ ባደር የሚባል ሌላ መንደር አለ። ታኦር ታውሬሲየም ነው፣ ባደርም ቤዴሪያና ነው፣ ስለዚህ ነገሩ አለቀ ይላል ጸሐፊው።

ይህ አስተያየት ቀላል አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐን ጌኦርግ ፎን ሃን ያነሳው ሐሳብ ነው። በኋላ ቀርጤስ ላይ ክኖሶስን በቆፈረው ሥራ የታወቀው እንግሊዛዊው አርተር ኢቫንስም አካባቢውን ዞሮ ካየ በኋላ ለስኮፕዬ ድምፁን ሰጥቷል። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን መገኘታቸው እውነትም ያጓጓል። ታኦር ላይ ቁፋሮ ተደርጎ የጥንት ቅሪት መገኘቱንም አልክድም።

ግን ቆም እንበል። የስም መመሳሰል ፍለጋ ያስጀምራል እንጂ ፍለጋውን አይጨርስም። እኛ አገር መድኃኔ ዓለም የሚባል ሰፈር ስንት እንዳለ የሚያውቅ ሰው፣ በስም ብቻ ቦታ እንደማይገኝ አይጠፋውም። ከዚህም በላይ ታኦር ታውሬሲየም ነው ብንል እንኳ የተገኘችው መንደሯ ናት። ከተማዋስ? ፕሮኮፒየስ የሚናገረው ለመቁጠር የሚያዳግቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሹማምንት ማረፊያዎች፣ በረንዳ የተሠራላቸው አውራ መንገዶች፣ ገበያዎች፣ ፏፏቴዎችና መታጠቢያ ቤቶች ስላሏት ከተማ ነው። ታኦር አጠገብ እንዲህ ያለ ከተማ እስካሁን በቁፋሮ አልወጣም። ጽሑፉ ከመንደሯ ወደ ከተማዋ የዘለለው መሐል ላይ ምንም ሳይኖር ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሊያነሳው ይገባ የነበረ ግን ያላነሳው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። እኔ ላንሳው። ከታኦር እስከ ጻሪቺን ግራድ በቀጥታ መስመር ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታኦር በእርግጥ ታውሬሲየም ከሆነ ጻሪቺን ግራድ «አቅራቢያው» ሊባል አይችልም። በጻሪቺን ግራድ ላይ ሊቀርብ የሚችለው ጠንካራው ተቃውሞ ይኸው ነው። ግን ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚያው የስም መመሳሰል ላይ ነው። ደግሞም በዚያው በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የታሪክ ጸሐፊ አጋትያስ፣ ራሷ ቤዴሪያና ናት ኋላ ጀስቲንያና ፕሪማ የተባለችው ይለናል። የዘመኑ ሰዎች እንኳ መንደሩን፣ ምሽጉንና ከተማውን በአንድ ዓይነት መንገድ ለይተው አልነገሩንም። ታዲያ የዛሬ መንደር ስም ይዞ ነገሩ አለቀ ማለት ይከብዳል።

ወደ ሕጉ ልለፍ። ብዙ መቆየት የምፈልገው እዚህ ነው። ምክንያቱም ጽሑፉ ለራሱ የጠቀሰው ማስረጃ ራሱን ይቃወመዋል።

ጀስቲንያን ሚያዝያ 14 ቀን 535 አንድ ሕግ አወጣ። በአዲሶቹ ሕጎቹ ስብስብ ውስጥ 11ኛው ነው። የተጻፈው ለጀስቲንያና ፕሪማ ሊቀ ጳጳስ ለካቴልያኖስ ነው። ሕጉ የከተማዋን ጳጳስ ወደ ሊቀ ጳጳስነት ከፍ አድርጎ በርካታ ክፍለ ሀገሮችን በሥሩ ያደርጋል። ጽሑፉ ይህን ይጠቅስና «ዳርዳኒያም በዝርዝሩ አለች፤ ስኮፕዬ፣ ማለትም የጥንቷ ስኩፒ፣ የዳርዳኒያ ዋና ከተማ ነበረች፤ ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው» ወደሚል ሐሳብ ይሄዳል።

ሕጉን ግን ሙሉውን እናንብበው። ንጉሡ ምክንያቱን በዝርዝር ያስረዳል። ፕሪፌክት የሚባለው፣ ኢሊሪኩም የተባለውን የባልካን ግዛት የሚያስተዳድረው ትልቁ ሹም ቀድሞ መቀመጫው ፓኖኒያ ውስጥ በሲርሚየም ነበር። የሁኖች ንጉሥ አቲላ አገሩን ሲያጠፋው አስተዳዳሪው ወደ ተሰሎንቄ ሸሸ። አሁን ግን የዳኑብ ወንዝ ሁለቱም ዳር ተመልሶ በእጃችን ገብቷል ይላል ንጉሡ። ስለዚህ ያንን መሥሪያ ቤት በትውልድ አገራችን ማስቀመጥ አስፈለገ። ለምን? ዳሲያ ሜዲቴራኒያ የሚባለው ክፍለ ሀገር ከፓኖኒያ ብዙም ስለማይርቅ፣ ተሰሎንቄ ያለችበት መቄዶንያ ግን በጣም ስለሚርቅ።

እስቲ ይህን አስቡት። ንጉሡ «መሥሪያ ቤቱን ወደ ትውልድ አገሬ የማመጣው ዳሲያ ሜዲቴራኒያ ቅርብ ስለሆነ ነው» ካለ፣ የትውልድ አገሩ የት ሊሆን ነው? ከተማዋ ዳርዳኒያ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ስለ ዳሲያ ቅርበት ማውራት ለምን ያስፈልገዋል? ቀጥሎ ያለው ዝርዝርም ይህንኑ ይደግፋል። ሊቀ ጳጳሱ ከሚያስተዳድራቸው ክፍለ ሀገሮች መጀመሪያ የተጠራው ዳሲያ ሜዲቴራኒያ ነው። ቀጥሎ በዳኑብ ዳር ያለው ዳሲያ፣ ከዚያ ሞሲያ ይመጣል። ዳርዳኒያ አራተኛ ላይ ናት። ንጉሡ ለራሱ ከተማ ሊቀ ጳጳስ ሲጽፍ የከተማዋን ክፍለ ሀገር ሦስት ቦታ ወደ ኋላ ያደርጋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ኒሽ፣ የጥንቷ ናይሱስ፣ የዳሲያ ሜዲቴራኒያ ከተማ ነበረች። ጻሪቺን ግራድ ከኒሽ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስኮፕዬ ግን ብዙ ወደ ደቡብ የወረደች ናት።

«ፕሮኮፒየስ ዳርዳኒያውያን ብሎ የለ?» የሚል ይኖራል። ብሏል። እሱ ግን ያወራው ስለ ሕዝቡ ነው። ሕዝቡ የሰፈረበት አገርና መንግሥት በወረቀት ያሰመረው የክፍለ ሀገር ወሰን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የአስተዳደርን ነገር የሚናገረው ሕጉ ነው።

ሦስተኛው የጽሑፉ ነጥብ የመሬት መንቀጥቀጡ ነው። በ518 ዳርዳኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ማርኬሊኖስ የተባለው ዜና መዋዕል ጸሐፊ 24 ምሽጎች እንደተጎዱ፣ ስኩፒም እንደፈረሰች መዝግቧል። ጽሑፉ ከዚህ ተነስቶ ጀስቲንያን ስኩፒን መልሶ ሠራትና አዲስ ስም ሰጣት ይላል።

የመሬት መንቀጥቀጡ እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ከፕሮኮፒየስ ጋር አይሄድም። ፕሮኮፒየስ ንጉሡ የቆየ ከተማ ሲያድስ «ያደሰው ነው» ብሎ ይጽፋል። በዚያው ምዕራፍ ኡልፒያና የምትባለውን የዳርዳኒያ ከተማ ሲያነሳ ጥንታዊት መሆኗን፣ ግንቧ መበላሸቱን፣ ንጉሡ አፍርሶ እንደገና ሠርቷት ጀስቲንያና ሴኩንዳ እንዳላት ይነግረናል። ስለ ፕሪማ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። እሷን የሚያቀርባት ንጉሡ የቆረቆራት ከተማ አድርጎ ነው። ስኩፒ ደግሞ ከ1ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሮማውያን ቅኝ ከተማ ነበረች። እንዲህ ያለች ስመ ጥር ከተማ ታድሳ ቢሆን ፕሮኮፒየስ በዝምታ አያልፋትም ነበር። እግረ መንገዴን፣ ኮሶቮ ውስጥ ያለችውን ኡልፒያናን ፕሪማ ናት የሚሉ ሰዎችም መልሳቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ምዕራፍ ነው።

ጻሪቺን ግራድ ላይ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ከሥሩ የቆየ ከተማ የለም። በአንድ ዘመን ታስቦ፣ ተለክቶ፣ በአንድ ጊዜ የተሠራ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ ነው።

የውሃውን ድልድይ በአጭሩ ልለፈው። ጽሑፉ ፕሮኮፒየስ ስለ ውሃ መስመር ማውራቱን ጠቅሶ ስኮፕዬ አጠገብ ያለውን ባለ 55 ቅስት ድልድይ እንደ ማስረጃ ያቀርባል። የዚያ ድልድይ ዕድሜ ራሱ አከራካሪ ነው። የጀስቲንያን ነው የሚሉ እንዳሉ ሁሉ የኦቶማን ዘመን ሥራ ነው የሚሉም አሉ። ጻሪቺን ግራድ ግን ከራዳን ተራራ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚመጣ የውሃ መስመር አላት፤ እሱም ከከተማዋ ጋር የተሠራ ነው።

ቀጥሎ የመጣው «ትንሽ ምሽግ» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ በግንብ የታጠረው ቦታ ከ10 ሄክታር አይበልጥም። ጽሑፉ ይህን ከተሰሎንቄ ጋር አወዳድሮ ያጣጥለዋል። ግን በግንቡ ውስጥ ምን እንዳለ አልነገረንም። ቁፋሮው በ1912 ቭላዲሚር ፔትኮቪች በሚባል ሰርቢያዊ ምሁር ተጀመረ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የፈረንሳይ ባለሙያዎች ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር አብረው እየሠሩበት ነው። ስለዚህ «የሰርቢያ ብሔርተኞች ፈጠራ ነው» የሚለው የጽሑፉ ሐረግ በሥራው ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን ሰዎች ይበድላል።

በሐሳብ እንግባ። በደቡብ በኩል ባለው በር ሲገባ፣ ግራና ቀኙ ባለ ዓምድ በረንዳ የሆነ አውራ ጎዳና ወደ ላይ ይወስዳል። ላይኛው ከተማ ውስጥ ይህ ጎዳና ከሌላ ጎዳና ጋር ይገናኛል። መገናኛው ላይ ክብ አደባባይ አለ፤ ዙሪያውን በዓምዶች ተከቧል። መሐሉ ላይ ከነሐስ የተሠራ ሐውልት ቆሞ እንደነበር ስብርባሪው ተገኝቷል። ከዚያ ወደ ምዕራብ የራሱ ግንብ ያለው ከፍታ አለ። በዚያ ከፍታ ላይ ያለው የጦር አዛዥ ቤት አይደለም። ካቴድራል፣ ከካቴድራሉ ጎን የጥምቀት ቤት፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ የጳጳሱ መኖሪያ ነው። የቀረው ከተማም አንዱ ቤተ ክርስቲያን ከሌላው ብዙም ሳይርቅ የተሠራበት ነው። የንጉሡ ስም ፊደላት ተጠላልፈው የተቀረጹበት የዓምድ ራስም ተገኝቷል።

እንግዲህ ምሽግ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የበለጠው ቦታ፣ በራሱ ግንብ የተጠበቀው ከፍታ፣ ለጳጳስ ይሰጥ ነበር ወይ? ይህ አቀማመጥ የሚመስለው በሕግ ሊቀ ጳጳስ የተሾመላትን ከተማ ነው።

ትንሽነቷስ? ለዚህም መልሱ ያለው ሕጎቹ ውስጥ ነው። በ535 ንጉሡ ያሰበው ሁለት ነገር ነበር፤ ሊቀ ጳጳስና ታላቁ የአስተዳደር መሥሪያ ቤት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ545፣ በወጣው 131ኛው ሕግ ስለ ከተማዋ የሚነገረው የሊቀ ጳጳሱ ሥልጣን ብቻ ነው። አስተዳዳሪው ተሰሎንቄ ላይ ቀርቷል። ያ ሁሉ ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ ወታደርና አጃቢ አልመጣም ማለት ነው። ስለዚህ ከተሰሎንቄ ጋር ማወዳደሩ ውሃ አያነሳም። መሬት ላይ የምናየው የቤተ ክህነት ከተማ ነው፤ ሁለተኛውም ሕግ የሚያውቀው ያንኑ ነው።

የጊዜውም ነገር አለ። የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ ለጀስቲንያና ፕሪማ ሊቀ ጳጳስ ለዮሐንስ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። የመጨረሻው መጠቀሷ በ602 ነው። ከዚያ በኋላ ስሟ ይጠፋል። ጻሪቺን ግራድም ሕይወት የተቋረጠባት ወደ 615 ገደማ ነው፤ አቫሮችና ስላቮች ባልካንን ባጥለቀለቁበት ዘመን። ከጽሑፍ የጠፋችውና ከመሬት የጠፋችው ከተማ በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው የጠፉት። ጽሑፉ ይህን ግጥምጥሞሽ ጨርሶ አላነሳውም።

የኦህሪድ ነገር እንደ ትውፊት ነው የቀረበው። የኦህሪድ ሊቃነ ጳጳሳት «የጀስቲንያና ፕሪማ ሊቀ ጳጳስ» ይባሉ ስለነበር ከተማዋ በመቄዶንያ ምድር እንደነበረች ትውፊቱ ይመሰክራል ይላል ጽሑፉ። ችግሩ ዘመኑ ነው። የኦህሪድ መንበር የተደራጀው ከ1018 በኋላ በቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ባሲል ነው። ማዕረጉን መጠቀም የጀመሩት ደግሞ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከተማዋ ከጠፋች 500 ዓመት አልፏል ማለት ነው። ማዕረጉ ጠቃሚ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ዲሜጥሮስ ኮማቴኖስ የተባለው ሊቀ ጳጳስ ቴዎድሮስ ኮምኔኖስ ዱካስን በንጉሠ ነገሥትነት ሲቀባ፣ ሥልጣን አለኝ ያለው በዚሁ በጀስቲንያን መንበር ወራሽነት ነው። ይህ የሚያስረዳን የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ፖለቲካ ነው። የ6ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ የት እንደነበረች አይነግረንም።

ፕሮኮፒየስ አሞጋሽ ነው ወደሚለው ልምጣ። «ስለ ሕንፃዎች» ንጉሡን ለማሞገስ እንደተጻፈ ማንም አይክድም። ግን ጽሑፉ እዚህ ላይ ወጥነት ይጎድለዋል። ከላይ ታውሬሲየምና ቤዴሪያና የሚሉትን ስሞች ሲፈልግ ፕሮኮፒየስን አምኖ ጠቅሶታል። እነዚያ ስሞች ያሉት እኮ ከተማዋን በሚገልጸው በዚያው ምንባብ ነው! ለታኦር ሲሆን ታማኝ፣ ለጻሪቺን ግራድ ሲሆን ዋሾ ሊሆን አይችልም።

ለእኛ ደግሞ ፕሮኮፒየስ እንግዳ ሰው አይደለም። ስለ አፄ ካሌብ ዘመን ከምንጠቅሳቸው የውጭ ምስክሮች አንዱ ነው። ካሌብን ሄለስቴያዮስ እያለ ይጠራዋል፤ ወደ ሂምያር መዝመቱን ይተርካል። ጀስቲንያን ዩልያኖስ የተባለ መልእክተኛ ወደ አክሱም ልኮ፣ ሐር ከሕንዶች እየገዛችሁ ለእኛ ሽጡልን ብሎ እንደጠየቀም የነገረን እሱ ነው። እቅዱ እንዳልተሳካ፣ የፋርስ ነጋዴዎች ወደቡ ላይ ቀድመው ጭነቱን በሙሉ እንደሚገዙም አልደበቀም። የካሌብን ዘመቻ በተመለከተ ፕሮኮፒየስን ብቻ ይዘን አልቀረንም። የመን ውስጥ ከተገኙት የግእዝ የድንጋይ ጽሑፍ ስብርባሪዎች ጋር አስተያይተነዋል። እዚህም መደረግ ያለበት ያው ነው፤ የጻፈውን ከመሬቱ ጋር ማስተያየት። የውሃ መስመር ብሏል፣ አለ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ብሏል፣ አሉ። ባለ በረንዳ ጎዳና ብሏል፣ አለ። የሊቀ ጳጳስ መንበር ብሏል፣ ካቴድራሉና የጳጳሱ ቤት ከፍታው ላይ ናቸው።

የቀረው የድንጋዩ ጉዳይ ነው። አዎ፣ ጻሪቺን ግራድ ላይ የከተማዋ ስም የተጻፈበት ድንጋይ እስካሁን አልወጣም። ጸሐፊው ይህን ማንሳቱ ተገቢ ነው። ግን ከዚህ ተነስቶ «ሁሉም ግምት እኩል ነው» ማለት አይቻልም። በአንድ በኩል ሕጉ፣ ዘመኑ፣ የከተማው አቀማመጥ፣ የውሃ መስመሩና የንጉሡ ምልክት ያለበት ዓምድ አሉ። በሌላ በኩል የሁለት መንደሮች ስም አለ። እነዚህን እኩል ናቸው ማለት ቁፋሮውንም ንባቡንም ከንቱ ማድረግ ነው።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ምን እንደሆነም ግልጽ ላድርግ። ታኦር አካባቢ በ530ዎቹ በአዲስ መልክ የተቆረቆረ፣ ካቴድራልና የጳጳስ ቤት ያለው፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተተወ ከተማ በቁፋሮ ይውጣ። ወይም ስኮፕዬ ላይ የጀስቲንያና ፕሪማን ሊቀ ጳጳስ የሚጠራ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ጽሑፍ ይገኝ። ያን ጊዜ 11ኛውን ሕግ እንደገና ማንበብ ግድ ይሆናል፤ እኔም አብሬ አነበዋለሁ።